"ያኔ እንዲህ ባደርግ ኖሮ" ለምትሉ፦ ግንዱን እንዴት እናውርደው

እስቲ ዛሬ ስለዚች "ባደርግ ኖሮ" ስለምትባል ነገር እናውራ። ማርቆስ ሂዱ፣ ባህርዳር ሂዱ፣ ፍኖተ ሰላም ወይ ሞጣ ሂዱ፣ ሰው ሁለት ጠላ ከቀመሰ በኋላ የሚያነሳት ወሬ እሷው ናት፦ ያኔ አዲስ አበባ ቀርቼ ቢሆን፣ ያኔ ሶሻል በመግባት ፈንታ ናቹራል ብገባ፣ ያኔ ለዚያች ልጅ ሽማግሌ ልኬ ቢሆን፣ ያኔ ወንድሜ ና ሲለኝ እሺ ብዬ ቢሆን። ነገሩ ጠላ ቤት ቢቀር ጥሩ ነበር ግን አይቀርም፣ ማታ ጋደም ስትሉም ትመጣለች፣ ጠዋት ባጃጅ ውስጥም ትመጣለች፣ ልጃችሁን ጭናችሁ ላይ አስቀምጣችሁ እያጫወታችሁ እንኳ ልባችሁ እዚያ የለም፣ የዛሬ አስራ ምናምን ዓመት ላይ ነው ያለው። "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" የሚለው ተረት አንዳንዴ እኛን ጎጃሞችን አይቶ የተተረተ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል ደሞ ቲክቶክ ላይ "ትላንት አልፏል ነገ አልመጣም ዛሬን ኑር" የሚል ሰውዬ አለ፣ ከጀርባው የፀሐይ መጥለቅ ከስር ዋሽንት። እኔ በዚህ ምክር ብዙም አልስማማም። ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ ነገን ሳያስቡ እንዴት ይኖራል? ማዳበሪያው በጊዜ ካልተገኘ ሰኔ ላይ ምን ሊዘራ ነው፣ የልጆች ደብተር መስከረም ላይ ከየት ሊመጣ ነው፣ በነዚህ ዓመታት እንኳን የነገ ኑሮ የነገ መንገድ ክፍት ይሆን ዝግ ይሆን ብሎ ሳይጠይቅ የወጣ ማን አለ። ያለፈውንም ዝም ብሎ መርሳት አይቻልም፣ ቢቻልም ጥሩ አይደለም፣ ሰው ከራሱ ትላንት ካልተማረ ከማን ሊማር። ስለዚህ እኔ የምለው ሌላ ነው። ያለፈ ምርጫን መለስ ብሎ ማየት ሥራ ነው፣ እንደማንኛውም ሥራ ጊዜና ቦታ ይሰጠው፣ ይሰራ፣ ይለቅ፣ ከዚያ ይነሳ። ጊዜ ያልተሰጠው ሃሳብ ነው ሃያ አራት ሰዓት የሚያስቸግረው። የቀረው እንዴት ይሰራል የሚለው ነው፣ እሱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀጠሮ ስጡት

ይሄ ከኪሴ ያወጣሁት አይደለም። ቶማስ ቦርኮቬክ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ፣ ጭንቀት የሚያበዙ ሰዎችን በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ፣ ለጭንቀት ብቻ ተቀመጡ አሏቸው፣ ከዚያ ውጭ ሃሳቡ ሲመጣ "በሰዓትህ ና" ብለው እንዲቀጥሩትና ያኔ በያዙት ነገር ላይ ልባቸውን እንዲመልሱ። ቀላል ይመስላል ግን ይሰራል፣ ምክንያቱም ሃሳቡን አትምጣ ስትሉት እልህ ይጋባል፣ ቆይ ስትሉት ግን ይቆያል።

ለኛ ደሞ ቀጠሮው በካሌንደራችን ላይ ተሰርቶ ተቀምጧል፣ ጳጉሜ ናት። አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት። ደሞዝ እንኳ የማይከፈልባት ወር ናት እኮ፣ ደሞዝተኛው ሲያማርራት ይኖራል፣ እኔ ግን ለዚህ ሥራ ከሷ የተመቸ አላየሁም፣ ዓመቱ አልቋል አዲሱ አልገባም፣ ሰዉም ጠበል እያለ ራሱን እያጠበ ነው። ትልቁን የሕይወት ሂሳብ ለጳጉሜ አድርጉት። ለትንንሹ ደሞ በሳምንት አንዴ ግማሽ ሰዓት፣ ቀኑን ራሳችሁ ቁረጡት፣ ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ያለችው ሰዓት ለብዙ ሰው ትመቻለች፣ ሙስሊም ለሆናችሁ ከጁምዓ በኋላ ያለችው።

ቦታው አልጋ አይሁን፣ ይሄን አደራ። አልጋ ላይ የተጀመረ ትካዜ እንቅልፍ ይዞ ነው የሚሄድ። ቤት ውስጥም ከሆነ ይጠሯችኋል፣ "ና እስቲ ይቺን አንሳልኝ" "እንግዳ መጣ" ሲባል ያልቃል። የቅኔ ተማሪዎችን አይታችሁ እንደሆን፣ ዋሸራ በሉት ጎንጅ በሉት፣ ቅኔ የሚቆጥረው ልጅ ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ዛፍ ሥር ወይ ቁጥቋጦ ውስጥ ይቀመጣል፣ ማንም አይረብሸውም፣ ሰውም ቅኔ እየቆጠረ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ከዚያ ሲጨርስ ሄዶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል። ብቻን መቀመጥ፣ መጨረስ፣ ከዚያ ለአንድ ለሚሰማ ሰው መንገር፣ በቃ ዘዴው ሀገራችን ውስጥ ድሮም ነበር። ባህርዳር ያላችሁ የጣና ዳር አለላችሁ፣ ሌላው ቤተክርስቲያን ቅጥር ዛፍ አያጣም፣ ገጠር ያለው ደሞ ቦታ እንኳን ለራሱ ለሌላም ይተርፈዋል።

በመሀል ግን ቀጠሯችሁን የሚያፈርሱ ሰዎች አሉ፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። ቡና ላይ ተቀምጣችሁ "አንቺ ግን ያን መሐንዲስ ብታገቢው ኖሮ ይሄኔ..." ብላ የምትጀምር ጎረቤት የሌላት ሴት ካለች እጇን ታውጣ። ክፋት አይደለም ወሬ ማሟሻ ነው፣ ግን እሷ ተነስታ ቤቷ ትሄዳለች እናንተ ሌሊቱን ታድሩበታላችሁ። መልሱ አጭር ይሁን፣ "እትዬ እሱ ለጳጉሜ ተቀጥሯል" በሏት፣ ትስቃለች ወሬውም ይቀየራል። ለትልቅ ሰው ደሞ "እርስዎ ያሉት ልክ ነው፣ ያው የሆነው ሆነ" ብሎ ስኳሩን ማቀበል።

ከዚያ ወረቀት አውጡ

ስልክ ላይ አይሁን፣ ኖቲፊኬሽን ይመጣና ያልቃል። ተራ ደብተር ይበቃል። ገጹን ሦስት ቦታ አስምሩት፣ አንደኛው ላይ "እኔ የመረጥኩት"፣ ሁለተኛው ላይ "ሰው የመረጠልኝ"፣ ሦስተኛው ላይ "ማንም ሳይመርጠው የመጣ"። አሁን የሚያንገበግባችሁን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ከነዚህ ሦስቱ ባንዱ አስገቡት።

የሥራው ክብደት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አብዛኛው ሰው ሁሉንም አንደኛው ላይ ይከምረዋል። የማውቀው አንድ መምህር አለ፣ ገጠር ቀበሌ ነው የሚያስተምረው፣ ሁሌ "ሕይወቴን ያበላሸኋት እኔ ነኝ፣ ኢንጂነሪንግ መግባት ስችል" ይላል። እሺ ጻፈው ተባለ። ሲጽፈው ምን ወጣ፣ ፎርሙ ላይ አንደኛ ምርጫው ኢንጂነሪንግ ነበር፣ ምደባው ነው ሌላ ያመጣለት። እሱ የመረጠው ምንድነው ታዲያ፣ ከተመደበ በኋላ ላቋርጥ ወይስ ልቀጥል የሚለውን ነው፣ ቀጠለ፣ ለምን ቀጠለ፣ አባቱ ታመው ስለነበር ቶሎ ደሞዝ ያስፈልግ ነበር። ይሄን ሁሉ እኮ ያውቀዋል፣ የራሱ ታሪክ ነው፣ ግን ወረቀት ላይ ተለያይቶ አላየውም ነበር። ሲጽፈው ዝም ብሎ ቆየና "እና እኔ ምን አጠፋሁ" አለ፣ ጥያቄው የምር ነበር።

የፈተናው ጉዳይም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በ2015 ደሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ስድስት ዘጠና ሰባቱ ሲቀር ችግሩ አንተ አለማጥናትህ ብቻ ነው ልንል ነው? ያኔ ባጠና ኖሮ የሚለው አንደኛው ላይ ይጻፍ፣ ትክክል ነው፣ ኮቪድ የዘጋው ትምህርት ቤትና ጦርነቱ ግን ሦስተኛው ላይ ይጻፉ። ሁለቱም ይጻፉ፣ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

በተቃራኒው ደሞ ሁሉን ሦስተኛው ላይ የሚጥል አለ። እድሌ ነው፣ እጣ ፈንታዬ ነው፣ የእግዜር ፈቃድ ነው፣ መንግሥት ነው፣ ሰው ዓይን ነው። እሱም ማምለጫ ነው። እንዲህ ለምትሉ አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ያን ሰሞን ሌላ ሊደረግ የሚችል ነገር ነበር ወይ፣ ትንሽም ብትሆን? ካለ አንደኛው ላይ አስፍሯት። ያማል፣ ግን የራሳችሁ የሆነ ነገር የሌለበት ሕይወት ደሞ ይበልጥ ያማል።

ጋብቻ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ቤተሰብ ያጋባው፣ በሽማግሌ የተፈጸመ፣ ልጅቷም ልጁም እሺ ያሉት፣ ግን ያኔ እምቢ ማለት ይቻል ነበር ወይ? እንዲህ ያለውን ሁለቱም ላይ ክፈሉት፣ ግማሹን አንደኛው ላይ ግማሹን ሁለተኛው ላይ። መስመሩ ሕግ አይደለም፣ እናንተው ናችሁ ያሰመራችሁት።

ስንት ደቂቃ ይጻፍ ለሚል፣ ጄምስ ፔንቤከር የተባለው ሳይኮሎጂስት በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን በቀን ለአስራ አምስት ደቂቃ ለአራት ቀን በተከታታይ በሕይወታቸው በጣም ስለጎዳቸው ነገር እንዲጽፉ አደረገ፣ የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ግን ልብ በሉ፣ በጻፉበት ቀን ስሜታቸው ይብስባቸው ነበር። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትነሱ ቢከፋችሁ አልሰራም ብላችሁ ደብተሩን አትቅደዱት፣ ያው እንደዚያ ነው የሚሄደው። አራት ቀን ማለት ደሞ ጳጉሜ ውስጥ ይገባል፣ አንድ ቀን ይተርፋል።

ያኔ ምን ታውቁ ነበር

አንደኛው ረድፍ ላይ ለቀሩት፣ የምር እናንተ ለመረጣችኋቸው፣ ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ነገር ጻፉ፦ ያን ቀን ምን አውቅ ነበር? ዛሬ የምታውቁትን አይደለም፣ ያን ቀን የምታውቁትን። ኪሳችሁ ውስጥ ስንት ነበር፣ ማን መከራችሁ፣ ምን ፈርታችሁ ነበር፣ እድሜያችሁ ስንት ነበር።

ለምን እንዲህ እንደምል ለከሰል በሚተከለው ዛፍ፣ በዲከረንስ ላሳያችሁ። አዊ ዞን፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ጤፍና ገብሱን ትቶ ማሳውን በዲከረንስ ሞላው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፣ አፈሩ ደክሟል፣ ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፣ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጣል፣ ቆርቆሮ ቤት የሰራ አለ፣ ልጅ ያስተማረ አለ። ኋላ ዛፉ ላይ በሽታ ገባበት። አሁን ዘግይቶ የተከለውን ሰው ስሙት፣ "ድሮም ልቤ ነግሮኝ ነበር፣ እንደው እጄን ይዞኝ..." ይላል። አልነገረውም! ያን ጊዜ ጎረቤቱ በዲከረንስ ሲያልፍለት ያይ ነበር፣ የሚያይ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው፣ ባይተክል ኖሮ ሞኝ ነው የሚባለው እሱ ነበር። ባሩክ ፊሽሆፍ የሚባል ተመራማሪ በ1975 እ.ኤ.አ. ይሄንኑ ነገር በሙከራ አሳይቷል፣ ሰው የነገሩን መጨረሻ አንዴ ካወቀ በኋላ ከመጀመሪያውም ግልጽ እንደነበር ሆኖ ይታየዋል፣ ማወቁ እንደቀየረውም አይታወቀውም። ታዲያ በዛሬ እውቀት የትላንቱን ራሳችሁን መክሰስ ፍርድ አይደለም፣ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ እንኳ አያልፍም።

ይሄን ጽፋችሁ የማያልፍ ነገር ይኖራል፣ ያን ቀንም ታውቁ ነበር፣ ሰውም መክሯችሁ ነበር፣ እያወቃችሁ አደረጋችሁት። እሺ። ሰው የተበደለበት ከሆነ መንገዱ የታወቀ ነው፣ ይቅርታ መጠየቅ ነው፣ ካስፈለገ በሽማግሌ፣ ለአማኙ ንስሐ አባት አሉ፣ ለሙስሊሙ ተውባ አለ። ግን ኃጢአት ያልሆነውን እንደ ኃጢአት ይዛችሁ አትዙሩ፣ የተሳሳተ ዲፓርትመንት መግባት ቀኖና አያሰጥም።

ያልተደረገው

አሁን ሁለት ዓይነት ቁጭት አለ፣ ባላደረግኩት ያልነውና ባደረግኩት ያልነው። ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች ያገኙት ነገር ይገርማል፣ ቅርብ ጊዜ ላይ የሚያናድደን ያደረግነው ነው፣ ዓመታት ሲያልፉ ግን ጎልቶ የሚቀረው ያላደረግነው ነው። ትልልቅ ሰዎችን ስትጠይቁ ታዩታላችሁ፣ "ያን በሬ በርካሽ ሸጥኩት" የሚል ሽማግሌ አላጋጠመኝም፣ "ፊደል ሳልቆጥር ቀረሁ" የሚሉ እናት ግን ስንት ናቸው፣ "ወንድሜን ሳልታረቀው ሞተ" የሚል ስንት ነው።

ለምንድነው ይሄን የማነሳው፣ ወረቀታችሁ ላይ ካሉት ያልተደረጉ ነገሮች ውስጥ አንዳንዶቹ ዛሬም ይደረጋሉ። ሁሉም አይደሉም፣ የሞተ ሰው አይመለስም፣ ያገባችውን ልጅ ተዉዋት። ግን የተጣላችሁት ወንድም ደጀን ወይ ቢቸና ካለ አለ ማለት ነው። የማታ ትምህርት አለ። ስለዚህ ከሚደረጉት አንዷን ብቻ አክብቡ፣ አንዷን፣ ሦስት አይደለም፣ ከዚያ እስከ መጪው እሁድ የምትደረገውን ትንሿን ነገር ጻፉ። "ከወንድሜ ጋር መታረቅ" ብላችሁ አትጻፉ፣ ትልቅ ናት አትንቀሳቀስም። "ሐሙስ ገበያ የአክስቴን ልጅ ወንድሜን ሰላም በልልኝ እለዋለሁ" ብላችሁ ጻፉ። በሰላምታ ነው የሚጀመረው፣ ከዚያ ሰው ጣልቃ ይገባል፣ ጎጃም ውስጥ ደሞ ለማስታረቅ ጣልቃ የሚገባ ሰው አይጠፋም።

የማይደረጉትን ምን እናድርጋቸው ካላችሁ፣ ምንም። ጻፏቸው፣ አልቅሱ ካስለቀሳችሁ፣ ገጹን ግለጡ። በዓመቱ ጳጉሜ ላይ እንደገና ታዩዋቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ እህል ካስጠላ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለ፣ ይሄም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ወይ ደሞ መሞት የሚል ሃሳብ ብልጭ ካለ፣ ወረቀትና ዛፍ ሥር መቀመጥ አይበቃም፣ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ሂዱ፣ የአእምሮ ሕክምና ጠይቁ። ጠበል እሄዳለሁ የሚል ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

አሁን ወደ ዛሬ

ሂሳቡ ከተቀጠረ ቀኑ ነፃ ነው ማለት ነው፣ እሱን ደሞ መኖር መልመድ አለብን ምክንያቱም ልብ ዝም ብሎ አይመጣም። ማቲው ኪሊንግስወርዝና ዳንኤል ጊልበርት የሃርቫርድ ሰዎች ናቸው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው ቀን ላይ በድንገት እየጠየቁ አሁን ምን እየሰራህ ነው፣ ሃሳብህስ የት ነው ሲሏቸው፣ ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ ያህሉ ልባቸው ከያዙት ሥራ ላይ አልነበረም። ልቡ ሌላ ቦታ የነበረው ሰው ደስታው ዝቅ ያለ ነበር፣ የሚሰራው ሥራ ምንም ይሁን ምን ማለት ይቻላል። እና አሜሪካዊውም ግንድ ይጎትታል ማለት ነው፣ እኛ ብቻ አይደለንም።

መልመጃ ሲባል እግር አጣጥፎ ዓይን መጨፈን የሚመስለው ብዙ ነው። የፈለገ ያድርገው፣ ጥሩ ነው ይላሉ የሞከሩት። እኔ ግን ቡና ነው የምመክራችሁ፣ ያውም ጠጪ ሳይሆን አፍይ ሆናችሁ፣ ወንዶችም ጭምር (አዎ ወንዶችም፣ እናቶቻችን ሲያፈሉልን ኖረናል እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንቁላ)። ደንቡ አንድ ነው፣ ቡናው ከሚታጠብበት እስከ አቦል ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ስታጥቡት ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ገለባ በጣታችሁ ልቀሙ፣ ውሃው ሁለተኛ ሦስተኛ ላይ ሲጠራ እዩት። ምጣዱ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ዝም ነው፣ እርጥበቱ በጭስ ይሄዳል፣ ፍሬው ይገረጣል ከዚያ ይቀላል፣ እጃችሁ አያቁም አንዱ ጎን ያርራል፣ ከዚያ ጧ የምትል አንዲት ፍሬ አለች፣ የመጀመሪያዋ፣ እሷን ጠብቋት። ከሷ በኋላ ሁሉም ይከተላል። ዘይቱ ወጥቶ ሲያብለጨልጭ አውርዱና ጭሱን በእጃችሁ ወደናንተ ሳቡት። ሙቀጫው ላይ የዘነዘናውን ድምፅ ስሙ፣ ሲጀምር ደረቅ ነው እየላመ ሲሄድ ይለዝባል። ጀበናው ገንፍሎ ሲወርድ ደሞ እስኪሰክን ጠብቁ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቸኩለው፣ ያልሰከነ ቡና ተቀድቶ አተላው ጥርስ ላይ ይቀራል።

በመሀል ልባችሁ ይሄዳል፣ እርግጠኛ ሁኑ ይሄዳል፣ ያቺ ልጅ ትመጣለች ያ ፎርም ይመጣል። አትቆጡ። "ለእሁድ" በሉትና ወደ ምጣዱ ተመለሱ። አስር ጊዜ ቢሄድ አስር ጊዜ መመለስ ነው፣ መልመጃው ራሱ መመለሱ ነው፣ አለመሄዱ አይደለም። ብዙ ሰው ይሄን ሳይረዳ ነው "እኔ አልችልም ልቤ አይሰበሰብም" ብሎ የሚተወው።

ቡና የማይጠጣ ሰው በእጁ ከሚሰራው አንዱን ይያዝ። ጤፍ የሚያርም ሰው ከእንክርዳዱ ጋር ይሁን፣ ባጃጅ የሚነዳ ከመንገዱ ጋር (እባካችሁ)፣ ልብስ የሚያጥብ ከአረፋው ጋር። ገበሬ ከተፈጥሮ ጋር ስለሚውል ሁሌ ልቡ ሰብሰብ ያለ ነው የሚል የከተማ ሰው አለ፣ ውሸት ነው፣ እርፍ ጨብጦ የአምናውን ክርክር በልቡ የሚሟገት ገበሬ ሞልቷል፣ ትልሙ ሲጣመም ታውቃላችሁ።

ስልክ ስልክ እየተባለ ደሞ ሁሉ ነገር በስልክ ይላከካል። በርግጥ የክፍል ጓደኛ ዲቪ ደርሶት ሚኒሶታ በረዶ ላይ የተነሳውን ፎቶ ማየት ያቆስላል፣ እንዲህ ያለ ሰው ካለባችሁ ሳትጣሉት ፖስቱ እንዳይመጣባችሁ አድርጉ፣ አያውቅም። ግን ከ2015 ነሐሴ በኋላ በክልላችን ዳታ ጠፍቶ ስንቆይ ያየሁት ነገር አለ፣ ሰው መነኩሴ አልሆነም፣ ጋለሪ ውስጥ ያለ የድሮ ፎቶ እየከፈተ ያው ሲብሰለሰል ነው የከረመው። ኔት ሲዘጋ ልብ አብሮ አይዘጋም።

ለነገ አጭሯን እቅድ

ስለነገ ብዙ አልልም። ሰላም በሌለበት የአምስት ዓመት እቅድ አውጡ ማለት ቀልድ ነው። እስከ ቀጣዩ እቁብ እጣ ድረስ፣ እስከ አጨዳ ድረስ፣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ድረስ ማየት ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን በልባችሁ ያዙት፣ ግን ማታ ማታ አትቁጠሩት።

መጻፍ ለማይችል ሰው

ይሄን ሁሉ ለእናቴ እንዴት ላድርገው የሚል ይኖራል። ወረቀት የግድ አይደለም። ሦስት ቦታ ጥሬ ቡና ወይ ባቄላ ማስቀመጥ ይቻላል፣ አንዱ እኔ የመረጥኩት፣ አንዱ የመረጡልኝ፣ አንዱ የመጣብኝ። እሳቸው ያወራሉ፣ ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፍሬ ከሦስቱ ባንዱ ይጥላሉ። የእናንተ ሥራ አጠገብ ተቀምጦ መስማት ነው። አትምከሩ፣ አታጽናኑ፣ "እማ እሱማ የእግዜር ሥራ ነው" ብላችሁ ፍሬዋን እናንተ አትጣሉላቸው። "ከዚያስ?" ብቻ በሉ። ሲጨርሱ ፍሬዎቹን የትኛው ክምር ላይ እንደበዙ ራሳቸው ያዩታል፣ አንዳንዷን አንስተው ወደ ሌላው ሊያዛውሯትም ይችላሉ፣ ተዉአቸው ያዛውሩ። ባቄላ ከሆነ ቆልታችሁ ብሉት፣ ቡና ከሆነ ምጣዱ እዚያው ነው።